በጅቡቲ ሙቀት ብዙ ዓመት የሚያገለግል ግራፊክስ ካርድ እንዴት ይመረጣል?

በየዓመቱ የመጨረሻው ሴሚስተር ሊያልቅ ሲል ወደ ቢሮዬ የሚመጣው ጥያቄ መልኩን ይለውጣል። በዓመቱ መጀመሪያ የሚነሣው የዩኒፎርምና የመማሪያ መጽሐፍ ጉዳይ ነው፤ ሙቀቱ ሲበረታና ዕረፍቱ ሲደርስ ግን ወላጆች ስልካቸውን አውጥተው የአንድ ዕቃ ፎቶግራፍ ያሳዩኛል። «ልጄ ይህ ካልተገዛልኝ እያለ ነው። ኮምፒውተር እንደሆነ አለው። ይህ ምን የሚሉት ዕቃ ነው? ይህን ያህል ገንዘብስ የሚጠየቅበት ለምንድን ነው?» ይሉኛል። ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ ግራፊክስ ካርድ ነው። ልጆቹን ስጠይቅ መልሳቸው አጭር ነው፤ «አዲሱ ጌም አልከፈት አለኝ።»

ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ወላጅ በላቡ ያገኘውን ገንዘብ አውጥቶ በዓመቱ እንደገና እንዳይጠየቅ ይፈልጋል። ልጅም ጓደኞቹ የሚያወሩትን ጨዋታ ከሩቅ ከመስማት ራሱ መጫወትን ይመርጣል። ስለዚህ የሁለቱም ጥያቄ መጨረሻው አንድ ነው፦ አንዴ ተገዝቶ አምስትና ስድስት ዓመት የሚያገለግል ካርድ የትኛው ነው? ስለዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው የተጻፈው ቀዝቃዛ አየር ላላቸው አገሮች ነው። እኛ ግን የምንኖረው ጅቡቲ ከተማ ነው፤ እዚህ በፍጥነቱ አንደኛ የሆነው ካርድ በዕድሜው አንደኛ ላይሆን ይችላል። ሜሞሪው ሰፊ፣ የሚበላው መብራት ትንሽ፣ ማቀዝቀዣው ጠንካራ የሆነ መካከለኛ ካርድ ከትልቁ ካርድ ይበልጥ ይከርማል። ምክንያቱን ላስረዳ።

በመጀመሪያ ካርዱ ምን እንደሚሠራ እንይ። በየቤቱ ያለው የተለመደው ሞኒተር 1920 በ1080 ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ነው። ጨዋታው ለዓይን እንዲለሰልስ ምስሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይሳላል። ይህ ማለት በአንድ ሴኮንድ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች እያንዳንዳቸው ቀለማቸው መወሰን አለበት ማለት ነው። የኮምፒውተሩ ዋና ፕሮሰሰር ማንኛውንም ከባድ ጥያቄ የሚፈታ አንድ ጎበዝ መምህር ቢሆን፣ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ እያንዳንዳቸው አንዲት ቀላል የመደመር ጥያቄ ይዘው በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ብዙ ሺህ ተማሪዎች የሞሉበት አዳራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አርቲኤክስ 4060፣ ከመካከለኞቹ አንዱ ሆኖ ሳለ፣ እንዲህ ያሉ 3,072 ትንንሽ ሠራተኞች አሉት። ቺፑን የሚነድፉት ዛሬ በዋናነት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፤ ኤንቪዲያ፣ ኤኤምዲና ኢንቴል። ሳጥኑ ላይ የምታዩዋቸው አሱስ፣ ኤምኤስአይ፣ ጊጋባይት፣ ሳፋየር የመሳሰሉት ስሞች ግን ቺፑን ተቀብለው ሰሌዳውንና ማቀዝቀዣውን የሚገጥሙት ናቸው። አንድ ዓይነት ቺፕ በአንዱ ሳጥን በአንድ ትንሽ ፋን፣ በሌላው በሦስት ትልልቅ ፋን ሊመጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ጥፋቱ በእርግጥ የካርዱ መሆኑ ይጣራ። ልጆች «ላግ አደረገብኝ» የሚሉት ነገር ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ያጠቃልላል። ተጫዋቹ ወዲያ ወዲህ እየዘለለ የሚታይ፣ የተኮሳችሁት ጥይት ዘግይቶ የሚደርስ ከሆነ ችግሩ የኢንተርኔት ነው። በከተማችን ዳርቻ በርካታ የባሕር ውስጥ ኬብሎች ቢያርፉም ጨዋታው የሚካሄድበት ሰርቨር ሩቅ አገር ነው፤ የቤታችሁም ዋይፋይ ሁለት ግድግዳ አልፎ ይመጣ ይሆናል። ለዚህ የዓለም ውዱ ካርድ ቢገባ ለውጥ የለውም። ምስሉ ራሱ የሚንቀረፈፍ ከሆነ፣ ኢንተርኔት በማይፈልግ ጨዋታም ላይ እንዲሁ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን እንጠርጥር።

እዚህም ላይ ነፃ ምርመራ አለ። ጨዋታውን ክፈቱና በሴኮንድ የሚሳሉትን ምስሎች ቁጥር፣ ልጆች ኤፍፒኤስ የሚሉትን፣ መዝግቡ። ከዚያ በጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ የምስሉን ጥራት ከ1080 ወደ 720 ዝቅ አድርጉት። ቁጥሩ በደንብ ከጨመረ የደከመው ካርዱ ነበር፤ ሥራው ሲቀልለት ተንፍሷል ማለት ነው። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ግን የደከመው ፕሮሰሰሩ ነውና አዲስ ካርድ መግዛት ከንቱ ነው። ኮምፒውተሩ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ካለው ወደ 16 ማሳደግ፣ የሚሠራው በድሮው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ከሆነም ኤስኤስዲ ማስገባት ከካርድ በጣም ይረክሳል፤ ለትምህርት ሥራውም የሚሰጠው ጥቅም ወዲያው ይታያል። ያላችሁ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ላሳዝናችሁ ነው፤ የላፕቶፕ ግራፊክስ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ባጠቃላይ አይለወጥም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሜሞሪው እንግባ። ካርዱ የሚስለውን ዓለም ቆዳና ቀለም፣ የግድግዳውን ሸካራነት፣ የፊቱን መልክ፣ በራሱ ሜሞሪ ላይ ያስቀምጣል። ይህን የመምህር ጥቁር ሰሌዳ አድርጋችሁ አስቡት። እጁ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ሰሌዳው ጠባብ የሆነበት መምህር ገና ተማሪዎች ሳይጨርሱ እያጠፋ መጻፍ ይኖርበታል። ያጠፋውን እንደገና ሲፈልግ ዕቃ ቤት ድረስ ሄዶ ሰንጠረዡን ያመጣል። የካርዱ ሜሞሪ ሲሞላም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ትርፉን ከኮምፒውተሩ ራም ማመላለስ ይጀምራል። የአርቲኤክስ 4060 የራሱ ሜሞሪ በሴኮንድ 272 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ግን፣ ማዘርቦርዱ የቆየ ሦስተኛ ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ከሆነ፣ 8 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነው። ከ272 ወደ 8! ጨዋታው ደህና እየሄደ ድንገት ለግማሽ ሴኮንድ ቀጥ የሚለው፣ ወይም የሰው ፊት እንደቀለጠ ሰም ደብዝዞ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ጂቲኤክስ 1060 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ባለ 6 ጊጋባይቱ በ249 ዶላር፣ ባለ 3 ጊጋባይቱ በ199 ዶላር ቀረበ። ስማቸው አንድ ነው፤ ነገር ግን ትንሹ ሜሞሪው ብቻ ሳይሆን ሠራተኞቹም ከ1,280 ወደ 1,152 ተቀንሰው ነበር። በወጡበት ሰሞን ልዩነታቸው ብዙም አይታይም ነበርና 50 ዶላር ያተረፈ ሰው ብልህ መስሎ ታየ። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ባለ 3ቱ በአዳዲስ ጨዋታዎች መታፈን ጀመረ፤ ባለ 6ቱ ግን ለዓመታት ማገልገሉን ቀጠለ። ሃምሳዋ ዶላር የብዙ ዓመት ዕድሜ ገዛች ማለት ነው።

ያ ወጥመድ ዛሬም በአዲስ ስም ተዘርግቷል። አርቲኤክስ 4060 ቲአይ በ8ም በ16 ጊጋባይትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጡት አርቲኤክስ 5060 ቲአይ እና አርኤክስ 9060 ኤክስቲም እንዲሁ ባለ 8 እና ባለ 16 ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሲወጡ በ8ቱና በ16ቱ መካከል የነበረው ልዩነት 50 ዶላር ነበር፤ የኛ ፍራንክ ከዶላር ጋር በ177.721 የታሰረ ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፣ 8,900 ፍራንክ ያህል። የእኔ ምክር ግልጽ ነው። ካርዱ ስድስት ዓመት እንዲያገለግል ከተፈለገ ይህች ልዩነት ትከፈል፤ አቅም ካልፈቀደም ባለ 12 ይፈለግ። በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የካርዱ ስም ነው፤ የሜሞሪው ቁጥር በትንሹ ነው የሚጻፈው። ሻጩን በቃል አትመኑት፤ ሳጥኑን አዙራችሁ ራሳችሁ አንብቡ።

ሜሞሪ ብቻውን ግን አያድንም። ካርድ የሚሞትበት ሁለተኛው መንገድ መተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ 11 ጊጋባይት ሜሞሪ ነበረው፤ በዘመኑ ንጉሥ ነበር፤ ዛሬም ያገለገለ ተብሎ ሲሸጥ ልጆች ዓይናቸው ይቅበጠበጣል። ይሁን እንጂ የብርሃንን ጉዞ በስሌት የሚከታተለው፣ ሬይ ትሬሲንግ የሚባለው ክፍል በውስጡ የለም። በታኅሣሥ 2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጨዋታና በግንቦት 2025 የወጣው ዱም፦ ዘ ዳርክ ኤጅስ ይህ ክፍል የሌለውን ካርድ አይቀበሉም። ቀስ ብለው መሥራታቸው አይደለም፤ ከነጭራሹ አይከፈቱም። በተጨማሪም ኤንቪዲያ ለዚህ ትውልድ አዲስ ጨዋታን የሚከተል ድራይቨር ማውጣቱን በጥቅምት 2025 አብቅቷል፤ ከዚያ በኋላ እስከ 2028 የሚሰጠው የደኅንነት ጥገና ብቻ ነው። ስለዚህ አሮጌ አንበሳ ከመግዛት ወጣት ጥጃ ይሻላል። አዳዲሶቹ ካርዶች ምስሉን በትንሹ ስለው በብልሃት የሚያሳድጉበት ዘዴም አላቸው፤ ኤንቪዲያ ዲኤልኤስኤስ፣ ኤኤምዲ ኤፍኤስአር ይሉታል። ካርዱ ሲያረጅ ይህ ዘዴ እንደ ምርኩዝ ያገለግለዋል።

ሦስተኛው ሞት በውጭ አገር ምክሮች ጥቂት መስመር ብቻ ይሰጠዋል፤ ለእኛ ግን ዋናው ነው። ሙቀት።

ካርዱ የሚበላው መብራት ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። 115 ዋት የሚበላው አርቲኤክስ 4060 በክፍላችሁ ውስጥ የ115 ዋት ምድጃ ነው፤ ከላይ ያነሣሁት 1080 ቲአይ የ250 ዋት ምድጃ ነው። አሁን ፋኑን እናስበው። ፋን አያቀዘቅዝም፤ የክፍሉን አየር እያመጣ ሙቀቱን ይወስዳል እንጂ። በመሆኑም ካርዱ ከክፍሉ አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም፤ ክፍሉ በሞቀ ቁጥር ካርዱም በዚያው ልክ ይሞቃል። በ24 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 65 ዲግሪ የሚደርስ ካርድ ልዩነቱ 41 ነው። ኤር ኮንዲሽነሩ ጠፍቶ ክፍሉ 36 ዲግሪ ሲሆን ያው ካርድ በያው ሥራ 77 ይደርሳል። በ24 ዲግሪ ክፍል 75 የነበረው ደግሞ ወደ 87 ይወጣል። ብዙ ካርዶች በ80ዎቹ ውስጥ ሲገቡ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ትልቅ ካርድ በሐምሌ ቀትር ላይ የታናሹን ያህል ብቻ ሊሠራ ይችላል። ፋኑም ሳያርፍ ስለሚሽከረከር ቶሎ ያልቃል፣ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባትም ይደርቃል።

የትምህርት ዕረፍታችን የሚውለው ደግሞ በትክክል በዚህ ወቅት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ካምሲንም አቧራውን ይዞ ይነፍሳል፤ ልጆች ኮምፒውተራቸው ላይ ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉት በእነዚሁ ወራት ነው። ወጪውን ላሳያችሁ። በ250 ዋቱና በ115 ዋቱ ካርድ መካከል ያለው ልዩነት 135 ዋት ነው። በቀን አራት ሰዓት፣ ለ90 ቀን፣ ወደ 49 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በቤታችሁ የኤሌክትሪሲቴ ደ ጅቡቲ ቢል ላይ ባለው ዋጋ አባዙት። ይህም ብቻ አይደለም፤ ያንን ሙቀት ከክፍሉ ለማውጣት ኤር ኮንዲሽነሩ ተጨማሪ መብራት ይበላል። በዓመት ሌሎቹን ወራት ጨምራችሁ ለስድስት ዓመት ስታሰሉት በግዢው ጊዜ «ትንሽ ጨምሬ ትልቁን ልውሰድ» ያለ ሰው ካርዱን ዳግመኛ በመብራት እንደሚከፍለው ታያላችሁ።

ቅድም ልብ በሉ ያልኋችሁ የፋን ጉዳይ እዚህ ይመጣል። አንድ ዓይነት ቺፕ ያላቸው ሁለት ካርዶች ከቀረቡላችሁ ለሚያብረቀርቅ መብራቱ ሳይሆን ለከባዱ ማቀዝቀዣ ክፈሉ። ባለ ሁለት ትልልቅ ፋን ወይም ባለ ሦስት ፋን ይሁን፤ ኬዛችሁ ውስጥ መግባቱን ግን በማስመሪያ ለኩ። የኬዙ ፊት በመስታወት የተደፈነ ከሆነ አየር ከየት ይገባል? ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ከፊት አስገቢ ከኋላ አስወጪ ፋን ያለው ኬዝ ይሻላል። የጨዋታውን ምስል በሴኮንድ 60 ላይ መገደብም ትልቅ እረፍት ነው፤ ሞኒተሩ 60 ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ካርዱ 140 ቢስል ሰማንያው ለማንም የማይታይ ድካም ነው። በካርዱ ማስተካከያ ፕሮግራም የኃይል ገደቡን ወደ 80 በመቶ ዝቅ ማድረግም ይቻላል። የሚቀነሰው ፍጥነት ጥቂት ነው፤ የሚቀንሰው ሙቀት ግን ይታያል።

ባሕሩ አጠገባችን ነውና እርጥበቱና ጨዉም አይረሳ። ኮምፒውተሩን ክፍት መስኮት ሥር አታስቀምጡት። ከቀዘቀዘ ክፍል ወደ ሞቃትና እርጥብ ክፍል ካዛወራችሁትም ወዲያው አታብሩት፤ የቀዘቀዘ ብረት ላይ ላብ የመሰለ ውሃ ይቋጠራል፤ ሁለትና ሦስት ሰዓት ይረፍ።

ስለ መብራቱ ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በ230 ኪሎቮልት መስመር በድሬዳዋ በኩል የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ወደዚህ ከተማ ይመጣል። አባይ ላይም ሆነ ኦሞ ላይ የተሠራው ኃይል እዚህ የልጆቻችንን ኮምፒውተር ማብራቱን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ይህ ከርዕሳችን ውጭ ነው። በርዕሳችን ውስጥ ያለው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊት ነው። ካርዱን የሚጠብቀው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰው የሚቆጥበውም በእርሱ ላይ ነው። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ላይ «500 ዋት» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። እናንተ ግን ጎኑ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አንብቡ። የ12 ቮልቱ መስመር 18 አምፒር ካለ 12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት ነው፤ ካርዱም ፕሮሰሰሩም የሚመገቡት በዋናነት ከዚያ ነው። ቀሪው ቁጥር ለማሳመር የተጻፈ ነው። ለመካከለኛ ካርድ 550 ዋት በእርግጥ የሚሰጥ፣ ታዋቂ ስም ያለውና 80 ፕላስ የሚል ማረጋገጫ ያለው ይገዛ። ከግድግዳው እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ ደግሞ ዩፒኤስ ወይም ቢያንስ ስታቢላይዘር ይኑር። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ ካርዱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ ፓወር ሰፕላዩን አሻሽሉ። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ብዙ ቤተሰቦች ያላቸው ከቢሮ የወጣ፣ ያገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ ኮምፒውተር መሆኑን አውቃለሁ። የእነዚህ ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ዋት ነው፤ ለካርድ የሚሆን የተለየ ገመድም የለውም። የካርዱ መሰኪያ ራሱ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ብቻ ስለሆነ ከዚያ በታች የሚበላ ካርድ መፈለግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 70 ዋት ብቻ ይበላል፤ ሬይ ትሬሲንግም አለው። ከስሙ ጋር «6 ጊጋባይት» መባሉን አረጋግጡ፤ የቀድሞው ባለ 8ቱ 3050 የኃይል ገመድ ይጠይቃል። ኬዙ ቀጭን ከሆነም አጭር ቁመት ያለው ዓይነት ይፈለጋል። ይህ ካርድ የዓለምን ሁሉ ጨዋታ አይከፍትም፤ ለእግር ኳስ፣ ለማይንክራፍትና ለፎርትናይት ግን ይበቃል።

ግዢ ላይ እንምጣ። ለኢትዮጵያ የሚሄደው አብዛኛው ኮንቴይነር በዓይናችን ፊት ያልፋል፤ በከተማችን ሱቆች ያለው የካርድ ምርጫ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙው የሚመጣው በሰው በኩል ነው፤ ከዱባይ ወይም ከአዲስ አበባ። በዘመድ የሚመጣ ዕቃ ዋስትናው ብዙ ጊዜ የተገዛበት አገር ላይ እንደሚቀር እወቁ። ያገለገለ ካርድም ይቀርብላችኋል። እስከ መስከረም 15 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ድረስ ኢቴሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ይመረት ነበር፤ ያን ቀን አሠራሩ ሲለወጥ በቀንና በሌሊት ሳያርፉ ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በገፍ ወደ ገበያ ወጡ። ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ፋኑ በእጅ ሲነካ የሚወላገድ፣ ሰሌዳው ላይ ቅባት ያዠ ከሆነ እለፉት።

ከዚህ የከፋው አስመሳዩ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪያችን የበዓል ገንዘቡን ለሁለት ዓመት አጠራቅሞ፣ አባቱም ጨምረውለት፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የተባለ ካርድ ከአንድ ግለሰብ ገዛ። ዊንዶውስም 1050 ቲአይ ብሎ አነበበው። ጨዋታው ግን ከበፊቱም ባሰ። በኮምፒውተር መምህራችን ክፍል ጂፒዩ-ዚ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሲታይ በውስጡ ያለው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የጂቲኤስ 450 ቺፕ ሆኖ ተገኘ፤ ሶፍትዌሩን ለውጠው አዲስ ስም ሰጥተውታል። ሻጩ ስልኩን ዘጋ። አባትየው ለልጃቸው ሲሉ ፊታቸውን ላለማጨማደድ ሲታገሉ ያየሁት አይረሳኝም። ይህ ፕሮግራም ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን የኤንቪዲያ አስመሳዮች ለይቶ ያሳውቃል። ሌላም አለ፤ አርኤክስ 580 ተብሎ የሚሸጥ «2048 ኤስፒ» የሚል ቅጥያ ያለው ካርድ በውስጡ አርኤክስ 570 ነው፤ እውነተኛው 580 ሠራተኞቹ 2,304 ናቸው። ስለዚህ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ካርዱ ኮምፒውተር ላይ ተገጥሞ፣ በፕሮግራሙ ታይቶ፣ ከባድ ጨዋታ ግማሽ ሰዓት ተከፍቶበት ይፈተን። ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

«እሺ፣ የትኛውን?» ትሉኝ ይሆናል። ይህን በምጽፍበት ጊዜ ካሉት ውስጥ፣ ደህና ፓወር ሰፕላይና ብዙ ያልቆየ ኮምፒውተር ላለው ቤተሰብ፣ እኔ ባለ 16 ጊጋባይቱን አርኤክስ 9060 ኤክስቲ አስቀድማለሁ። ሲወጣ ዋጋው 349 ዶላር፣ ማለት 62,000 ፍራንክ ያህል፣ የሚበላውም 160 ዋት ነው። ልጁ የሦስት አቅጣጫ ሥዕል በብሌንደር የሚሠራ ወይም ቪዲዮ የሚያቀናብር ከሆነ ወደ ባለ 16ቱ አርቲኤክስ 5060 ቲአይ አዘነብላለሁ፤ ብዙ የሥራ ፕሮግራሞች ከኤንቪዲያ ኩዳ ጋር ይበልጥ ይስማማሉና። መነሻ ዋጋው 429 ዶላር፣ ኃይሉ 180 ዋት ነበር። ከዚያ በታች በ249 ዶላር የወጣው ባለ 12 ጊጋባይት ኢንቴል አርክ ቢ580 አለ፤ ነገር ግን 190 ዋት ይበላል፣ ሪሳይዘብል ባር የሚባለውን በማይደግፍ የቆየ ማዘርቦርድ ላይም ክፉኛ ይዳከማል፤ ኢንቴል አሥረኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ካልሆነ አልመክረውም። እነዚህ ዋጋዎች በአሜሪካ ሲወጡ የተነገሩ ናቸው፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ይጨመርባቸዋል። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮም የሜሞሪ ዋጋ በዓለም ገበያ ስለተወደደ በገዛችሁበት ቀን ያለውን ጠይቁ። 4ኬ ሞኒተር በቤታችሁ ከሌለ ከእነዚህ በላይ መሄድ አያስፈልግም። 4ኬ ማለት 8,294,400 ነጥብ፣ የተለመደው አራት እጥፍ ነው፤ ካርዱ ትልቅ የሚሆነው ለዚያ ነው።

ለወላጆች አንድ ቃል ልጨምር። ካርድ መግዛትና የጨዋታ ሰዓት መፍቀድ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፤ አንዱን ስትፈቅዱ ሌላው ተፈቀደ ማለት አይደለም። ሐሙስ ማታና ዓርብ ይሁን ያላችሁትን ካርዱ ከመምጣቱ በፊት ተነጋገሩበት፤ ከመጣ በኋላ ይከብዳል። ከልጁ ጋር ሆናችሁ ምርመራውን ሥሩ፤ ዋትና አምፒር ማባዛት የስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ ነው፣ ልጃችሁ ያስረዳችኋል።

ካርዱ ሲገባ ሳጥኑንና ደረሰኙን አትጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ አንድ ከባድ ጨዋታ ለግማሽ ሰዓት ይክፈትና ሦስት ቁጥሮችን በደብተር ይጻፍ፤ የክፍሉን ሙቀት፣ የካርዱን ሙቀትና በሴኮንድ የተሳሉትን ምስሎች። ካምሲን ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም፣ ያንኑ ጨዋታ ከፍቶ እንደገና ይጻፍ። የካርዱና የክፍሉ ልዩነት ከመጀመሪያው በአሥር ዲግሪ ከበለጠ አቧራ ገብቷል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ከመብራት ተነቅሎ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ፣ በለስላሳ ብሩሽና በአየር መንፊያ ይጠረግ። የቤት አቧራ መጥረጊያ ማሽን አይጠጋው፤ የሚፈጥረው የማይታይ ኤሌክትሪክ ቺፑን ይጎዳል። ተጠርጎም ልዩነቱ ካልወረደ የደረቀው ቅባት ይቀየርለት፤ ዋስትናው ገና ከሆነ ግን ከመፍታታችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁ።